ካሜራችሁን ከብርድ ወደ ሙቀት ስታስገቡ
በቡድን ወደ ኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች ለፎቶ የምትሄዱ ካላችሁ ይቺን ያዙልኝ። በየካቲት ብርድ ኡታክሌቭ ባሕር ዳርቻ ቆማችሁ ማዕበሉንና ተራራውን ስታነሱ ካሜራው በረዶ ይሆናል። ከዚያ ሁሉም ተሯሩጦ የሞቀ መኪና ውስጥ ይገባና ፎቶውን ለማየት ካሜራውን ያወጣል። ሌንሱ ወዲያው ያልበዋል፤ እርጥበቱ ውስጥ ድረስ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ገና ውጭ ሳላችሁ ሜሞሪ ካርዱን አውጡ። ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። እንደታሰረ ሙቀት ውስጥ አስገቡትና አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል።

የባሕር ጨው ሌንሱ ላይ ከተረጨ ደግሞ በደረቅ ጨርቅ እንዳትፈትጉት፣ ይቧጭራል። በንጹህ ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ አንሱለት። ትሪፖዱንም (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያውን) ማታ እግሩን ዘርግታችሁ በቧንቧ ውሃ እጠቡት።