የስክሩ ፓምፕ ሲገዙና ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለጅማ ማር አጣሪዎች፣ ቡና አጣቢዎችና ሳሙና አምራቾች

ጅማና ዙሪያዋ ከውኃ የወፈረ ፈሳሽ በብዛት የሚገፋበት አካባቢ ነው። ከጌራና ከሸቤ ጫካ ማር ይመጣል። በጎማ፣ በማናና በሊሙ እሸት ቡና ሲፈለፈል ዝልግልግ ዝቃጭ ይተርፋል። በከተማው ውስጥ ደግሞ ዘይትን ከኮስቲክ ሶዳ ጋር አዋህደው ሳሙና የሚሠሩ አሉ። ለእነዚህ ሁሉ የተለመደው የውኃ ፓምፕ አይበቃም። የውኃ ፓምፕ ፈሳሹን የሚወረውረው በፍጥነት በሚሽከረከር ክንፍ ስለሆነ ፈሳሹ በወፈረ ቁጥር ጉልበቱ በከንቱ ይባክናል። የስክሩ ፓምፕ ግን በጥምዙ (በስክሩ) መካከል የያዘውን ፈሳሽ ይዞ ይጓዛል፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚያወጣው መጠንም የተወሰነ ነው። እዚህ አገር በብዛት የሚሸጠው ባለ አንድ ጥምዙ ነው። አሠራሩ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከፈረንሳዊው መሐንዲስ ሬኔ ሞይኖ የተገኘ ነው። ጠመዝማዛ የብረት ሮተር ስቴተር በሚባል የጎማ እጅጌ ውስጥ ይዞራል፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ፈሳሹን እንደያዘ ከመግቢያ ወደ መውጫ ይራመዳል።

ይህ ማሽን ጠንካራ ነው። የሚሞተውም ብዙ ጊዜ በእርጅና ሳይሆን በባለቤቱ ውሳኔ ነው። ወጪው ከባድ መሆኑን ስለማውቅ፣ ከታች ያሉትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንድትመለከቷቸው እፈልጋለሁ።

በፈረስ ጉልበትና በኢንች መግዛት

ሱቅ ገብተው «ባለ ሦስት ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ኢንች» ብለው የሚጠይቁ ከሆነ የሚያገኙት ለውኃ የተመረጠ ዕቃ ነው። ሻጩ ሊጠይቅዎ የሚገባው፣ እርስዎም ጽፈው መሄድ ያለብዎ ነገር ሌላ ነው፦ ፈሳሹ ምንድን ነው? ምን ያህል ይወፍራል? ሙቀቱ ስንት ነው? አሲድ ነው ወይስ አልካላይ? ዘይት አለበት? አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ጭራሮ ይገባበታል? በሰዓት ስንት ሊትር፣ በስንት ሜትር ርቀትና ከፍታ ይገፋል?

ማርን እንውሰድ። የውኃ ዝልግልግነት በግምት 1 ሴንቲፖይዝ ነው። የማር ዝልግልግነት እንደ እርጥበቱ ቢለያይም በክፍል ሙቀት እስከ 10,000 ይጠጋል። ይህን ለመግፋት ቀርፋፋ ዙርና ከፍ ያለ የማዞር ኃይል ያስፈልጋል። በ50 ኸርዝ የሚሠራ የተለመደ ባለ አራት ዋልታ ሞተር በደቂቃ 1,450 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ለማር የሚሆነው ፓምፕ ግን ከ100 እስከ 300 ዙር ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ፍጥነት መቀነሻ የግድ ነው። ይህ ፓምፕ ሲነሳ የሚጠይቀው ኃይል በጉዞ ላይ ከሚጠይቀው በብዙ ይበልጣልና ሞተሩ በመነሻው ኃይል ይመረጥ። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ኢንቨርተር የሚገዙ ከሆነም ለቋሚ የማዞር ኃይል የተሠራውን ይምረጡ፤ ለማራገቢያ የተሠራው በመጀመሪያው ቀዝቃዛ ጠዋት ያቆማል።

ሦስቱን ዓይነት እንደ አንድ ማየት

ባለ ሦስት ጥምዙ ፓምፕ ለንጹሕና ለሚያለሰልስ ዘይት ብቻ ነው። ጥምዞቹ እርስ በርስ የሚነካኩ፣ የሚለያያቸውም የዘይቱ ስስ ሽፋን ብቻ የሆነ ማሽን ስለሆነ አንድ እፍኝ አሸዋ ይገድለዋል። በባለ ሁለት ጥምዙ ጥምዞቹን ከውጭ ያለ ጥርስ ስለሚያዛምዳቸው አይነካኩም፤ የማያለሰልስ ፈሳሽም፣ አየር የተቀላቀለበትም ያስተናግዳል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ዝቃጭና ጠጣር የተቀላቀለበትን ፈሳሽ የሚችለው ባለ ጎማው፣ ባለ አንድ ጥምዙ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ርካሽ ባለ ሦስት ጥምዝ አግኝቶ ለቡና ዝቃጭ ማዋል ገንዘብን ወንዝ መጣል ነው።

«ጎማ ያው ጎማ ነው» ማለት

ብዙ ስቴተር የሚጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። ናይትራይል የሚባለው ጎማ ዘይትን፣ ማርንና ተራ ዝቃጭን ይችላል። ለማር ሲሆን ለምግብ የተፈቀደው ዓይነት ይሁን። ኢፒዲኤም ኮስቲክ ሶዳንና ሙቅ ውኃን በደንብ ይቋቋማል፤ ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል። ቫይተን የሚባለው ውዱ ጎማ ለብዙ አሲዶችና ለዘይት ጥሩ ሆኖ ሳለ በሙቅ ኮስቲክ ይሰባበራል። ተፈጥሯዊ ጎማ አሸዋን ከሁሉም በተሻለ ይታገሣል፤ ዘይትን ግን ፈጽሞ አይችልም።

ሳሙና አምራቾች እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። በአንድ ቤት ውስጥ የአትክልት ዘይትም ኮስቲክም ስላለ «በአንድ ፓምፕ ሁለቱንም» የሚለው ሐሳብ ይፈትናል። ለዘይቱ የሚስማማው ጎማ በኮስቲኩ ይጎዳል፤ ለኮስቲኩ የሚስማማው በዘይቱ ያብጣል። ያበጠ ስቴተር ሮተሩን አንቆ ይይዛል፤ ሞተሩ ይግላል፣ መከላከያው ደጋግሞ ይዘጋል፣ ጥፋቱም በኤሌክትሪኩ ይሳበባል። ሁለት ትናንሽ ፓምፖች ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ።

ጎማ ሲሞቅ መስፋቱም አይዘንጋ። በ20 ዲግሪ ልክ የነበረ ስቴተር 70 ዲግሪ ፈሳሽ ሲገባበት ይጠብቃል። ሞቃት ፈሳሽ የሚገፉ ከሆነ ሮተሩ በመጠኑ የቀጠነ እንዲሆን ሲያዙ ይናገሩ። ስቴተር ሲያስገቡ ደግሞ ማለስለሻው የፈሳሽ ሳሙና ወይም ግሊሰሪን ይሁን፤ ኢፒዲኤምን በግራሶ ማለስለስ ገና ሥራ ሳይጀምር ማሳበጥ ነው።

ብረቱን አይዝጌ በመሆኑ ብቻ ማመን

አይዝጌ ብረት የሚፈራው ክሎራይድ ነው። ፓምፑን በበረኪና አጥቦ ሳያለቀልቁ ማሳደር ጥቃቅን ጉድጓድ ይፈጥርበታል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ አይዝጌውንም፣ በሮተሩ ላይ ያለውን የክሮም ልባስም ይበላል። የክሮም ልባስ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች አሉት፤ አሲዱ በእነሱ ሰርጎ ከሥሩ ያለውን ብረት ይይዝና ልባሱ እየተላጠ ይወድቃል፤ የተላጠው ስለታም ጠርዝም ስቴተሩን ይቆራርጠዋል። ለአሲድ ልባስ የሌለው፣ ደረጃው ከፍ ያለ አይዝጌ ሮተር ይጠይቁ።

ስለ ሰልፈሪክ አሲድ ብዙዎችን የሚያስት ነገር አለ። 98 በመቶ የሆነው በተራ ሙቀት በተራ ብረት በርሜል ይቀመጣል፤ ውኃ ሲቀላቀልበት ግን ያንኑ ብረት በፍጥነት ይበላል። ስለዚህ «አሲድ ነው» ማለት ለሻጩ ምንም አይነግረውም፤ ስሙም፣ ስንት በመቶ መሆኑም፣ ሙቀቱም ያስፈልጋል። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሲበላም የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። በኮስቲክ መስመር ላይ የአሉሚኒየም መገጣጠሚያ ማስገባት በጤናና በሕይወት መቀለድ ነው።

የቡና አጣቢዎች ጉዳይ ቀለል ያለ ይመስላል፤ አይደለም። ከፍሬው የሚታጠበው ዝልግልግ ስኳር ስላለው በጉድጓድ ሲቆይ ይቦካል፣ የአሲድነት መለኪያው ፒኤችም ወደ 4 ይወርዳል፣ ማለትም አሲድ ይሆናል። ያ ውኃ የካስት አይረን አካልን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይልጠዋል። ኖራ ጨምሮ አሲዱን ማብረድ ለወንዙም ለፓምፑም ይጠቅማል፤ ያልሟሟ የኖራ ጠጠር ግን ከፓምፑ በፊት እንዲዘቅጥ ይደረግ።

የመምጠጫውን ቱቦ ማቅጠንና ማርዘም

ብርዝን በመቃ መምጠጥ ይቻላል፤ ማርን ግን ማንም በመቃ አይመጥም። ፓምፕም እንዲሁ ነው። መግፋት እንጂ መምጠጥ ደካማ ጎኑ ነው፤ ምክንያቱም ወፍራሙን ፈሳሽ ወደ መግቢያው የሚገፋው የአየር ግፊት ብቻ ነው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 10.3 ሜትር ያህል የውኃ ዓምድ ይደግፋል፤ እዚህ 8.3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የአምራቹ መመሪያ ላይ ያለው የመምጠጫ ከፍታ ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነውና እንዳለ አይውሰዱት። ለሞተሩም ያው ነው፤ የተለመዱ ሞተሮች አቅም እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የተሰላ ስለሆነ ትንሽ ትርፍ ያለው ይምረጡ።

ወፍራም ፈሳሽ በቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሄድ የሚገጥመው የግፊት ኪሳራ በቱቦው የውስጥ ስፋት አራተኛ ደረጃ ይለዋወጣል። የፈሳሹ መጠን ሳይለወጥ ስፋቱን እጥፍ ቢያደርጉ ኪሳራው ወደ 16ኛ ይወርዳል ማለት ነው። በግማሽ ቢያቀጥኑት 16 እጥፍ ይሆናል። ቱቦ ላይ የሚቆጠበው ጥቂት መቶ ብር ፓምፑን የሚያስርበው በዚህ መንገድ ነው። መምጠጫው አጭር፣ ሰፊ፣ ክርን የሌለው ይሁን፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ጋኑ ከፓምፑ በላይ ተቀምጦ ፈሳሹ በራሱ ክብደት ይውረድ። ፓምፑ እንደ ጠጠር ከተንኳኳ ወይም ፍሰቱ ከተቆራረጠ በመጀመሪያ የሚመረመረው መምጠጫው ነው።

ማሩን አብዝቶ ማሞቅ

ከመምጠጫው ችግር ለመሸሽ ማሩን የሚያፈሉ አሉ። እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ በሙቅ ውኃ መታጠቢያ ማለስለስ ውፍረቱን በብዙ ይቀንሰዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድና ሲቆይ ሃይድሮክሲሜቲልፈርፈራል የተባለው ውሕድ ይጨምራል። የዓለም አቀፉ የምግብ ኮዴክስ ገደብ በኪሎ 40 ሚሊግራም ነው፤ ከሞቃታማ አገሮች ለሚመጣ ማር 80 ነው። ከዚያ ያለፈ ማር ወደ ውጭ አይወጣም። ቱቦ ማስፋት ማር ከማበላሸት ይረክሳል።

ደረቁን ማዞር

ስቴተሩን የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም የሚገፋው ፈሳሽ ራሱ ነው። ፈሳሽ ሲጠፋ ጎማው በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ጎማ አይጠገንም። ጋኑ ሲያልቅ የሚያጠፋ ተንሳፋፊ መቆጣጠሪያ ወይም በስቴተሩ ላይ የሚገባ የሙቀት ጠቋሚ ዋጋው ከአንድ ስቴተር ያንሳል። ከጥገና በኋላ ሲያስነሱም አካሉን በፈሳሽ ይሙሉ።

ጥንቃቄ የሚጎድልበት ሌላው አጋጣሚ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው። መስመር ከተጠገነ በኋላ ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች (ፌዞች) ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠው ከመጡ ፓምፑ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ከመውጫው ሳብ አድርጎ ይጨርስና ደረቁን ይሄዳል፣ ግፊቱም ላልታሰበለት ማሸጊያ ይደርሰዋል። የፌዝ ቅደም ተከተል የሚቆጣጠር ሪሌይ በሳጥኑ ውስጥ ያስገጥሙ። እስኪገጠም ድረስ መብራት በተመለሰ ቁጥር ዘንጉ በቀስቱ አቅጣጫ መዞሩን ያረጋግጡ።

መውጫውን ዘግቶ ማስነሳት

የውኃ ፓምፕ የለመደ ሰው ቫልቭ በመጨቆን ፍሰት ይቀንሳል። በስክሩ ፓምፕ ይህ አደገኛ ነው። የተወሰነውን መጠን በየዙሩ ስለሚያስገባ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ አንድ ነገር እስኪፈነዳ ይወጣል፤ ቱቦው፣ ማሸጊያው፣ ወይም የሮተሩ ዘንግ። ፈሳሹ ኮስቲክ ወይም አሲድ ከሆነ የሚረጨው በሰው ፊት ላይ ነው። ከፓምፑ መውጫ ቀጥሎ፣ ከማንኛውም መዝጊያ በፊት፣ ከሥራ ግፊት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚከፈት የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይኑር፤ የሚለቀውም ወደ ጋኑ ይመለስ። ፍሰት የሚቀነሰው የፓምፑን ዙር በማዘግየት ነው። ቺንጋውን አላልቶ እንዲንሸራተት ማድረግ መከላከያ አይደለም።

የግፊት አቅሙ በደረጃ ብዛት፣ ማለትም በስቴተሩ ውስጥ በተከታታይ ባሉት የማሸጊያ ክፍሎች ብዛት፣ ይወሰናል፦ ባለ አንድ ደረጃ ወደ 6 ባር፣ ባለ ሁለት ወደ 12 ባር። አሸዋ ላለው ፈሳሽ ከዚህ ግማሽ ያህሉን ብቻ መጠቀም የስቴተሩን ዕድሜ ያረዝማል። የዙሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ በሚሞርድ ፈሳሽ ውስጥ ፍጥነት ሲጨምር መበላቱ ከፍጥነቱ በላይ ይጨምራል። ትልቅ ፓምፕን በዝግታ ማስኬድ ትንሹን ከማስሮጥ ይሻላል።

በዘንጉ ዙሪያ የሚጠቀጠቀውን ማሸጊያ (ፓኪንግ) ፈጽሞ እንዳይንጠባጠብ አድርጎ ማጥበቅም ዘንጉን ይፍቃል። ፓኪንግ ጥቂት ጠብታ ሊለቅ ይገባል። መርዛማ ፈሳሽ ከሆነ ፓኪንግ ሳይሆን «ሜካኒካል ሲል» የሚባለው የዘንግ ማሸጊያ ይገባዋል።

ከወቅቱ በኋላ እንዳለ ትቶት መሄድ

የቡና ማጠቢያ ፓምፕ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀን ከሌት ይሠራና ቀሪውን ዓመት ይተኛል። ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚያ እንቅልፍ ነው። በውስጡ የቀረው የቡና ዝቃጭ ይቦካል፣ ይደርቃል፣ ሮተሩን ከጎማው ጋር ያጣብቃል። በአንድ ቦታ ለወራት የተጫነው ጎማም የሮተሩን ቅርጽ ይይዝና በሚቀጥለው ዓመት አልነሳም ይላል። ከመጨረሻው ቀን በኋላ በንጹሕ ውኃ አስኪዶ ማጠብ፣ በታችኛው ቡሎን ማፍሰስ፣ ቺንጋውን ማላላት፣ ከተቻለም ስቴተሩን አውጥቶ ፀሐይ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። የማይወጣ ከሆነ ትንሽ ውኃ ጨምሮ በየሳምንቱ በእጅ ጥቂት ዙር ማዞር።

ከማጠቡ በፊት ግን አንድ ነገር ይለኩ። የ200 ሊትር በርሜል በመውጫው ሥር አስቀምጠው በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በሰዓት ይያዙ፤ ፓምፑ አዲስ ሳለ ከነበረው ጋር በዚያው ፍጥነትና በዚያው ግፊት ያወዳድሩ። ፍሰቱ ሩብ ያህል ከቀነሰ ስቴተሩ ተበልቷል። በፓምፑ ሰሌዳ ላይ ያለውን የሞዴልና የመለያ ቁጥር፣ የጎማውን ዓይነት ጭምር፣ በመዝገብ ይጻፉ። መለዋወጫው ከውጭ ተጭኖ በአዲስ አበባ በኩል ጅማ እስኪደርስ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ትዕዛዙ ከክረምቱ በፊት፣ ቢዘገይ በግንቦት ይውጣ።