አደገኛ ዕፅ በመሸጥ ለተፈረደበት ሰው፦ በአሜሪካ ይግባኝ ማለት

እርስዎ ወይም የቅርብ ሰውዎ በአሜሪካ አደገኛ ዕፅ በመሸጥ ጥፋተኛ ከተባሉ፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን ይቁጠሩ። በፌዴራል ፍርድ ቤት ይግባኝ ለማለት የሚሰጠው ጊዜ ፍርዱ በመዝገብ ከሰፈረ በኋላ 14 ቀን ብቻ ነው። በየግዛቱ ይለያያል፤ በሜሪላንድና በኒው ዮርክ 30 ቀን ነው፣ ለከባድ ወንጀል ደግሞ በካሊፎርኒያ 60፣ በሚኒሶታ 90 ቀን። ዘመድ ተሰብስቦ እስኪመክር፣ ገንዘብ እስኪዋጣ ሲባል ጊዜው ያልፋል።

በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሙሉ ክርክር ማዘጋጀት አይጠበቅብዎትም። ይግባኝ መጠየቅዎን የሚገልጽ አጭር ማስታወቂያ ማስገባት ይበቃል፤ ምክንያቱ በኋላ ይዘረዘራል። በፌዴራል ችሎት ቅጣቱ ሲነገር ተከሳሹ ከጠየቀ የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ራሱ ማስታወቂያውን ወዲያውኑ አዘጋጅቶ የማስገባት ግዴታ አለበት። ያም ሆኖ ለጠበቃዎ በጽሑፍ ይንገሩት፣ ቅጂውንም ያስቀምጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በወሰነው የጋርዛ ጉዳይ፣ ጠበቃው ታዞ ሳለ ማስታወቂያውን ካላስገባ፣ ተከሳሹ ይግባኝ ላለማለት ፈርሞ የነበረ ቢሆን እንኳ፣ ያመለጠው ይግባኝ ሊመለስለት እንደሚገባ ተናግሯል። ማዘዝዎን የሚያስረዳልዎት ያ ቅጂ ነው።

ገንዘብ የለኝም ብለው አይተዉት። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ አቅም የሌለው ሰው ለመጀመሪያው ይግባኙ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው።

ይግባኝ ክሱን እንደገና ከሥር ማየት አይደለም። ምስክር አይጠራም፣ አዲስ ማስረጃም አይቀርብም። ብዙ ጊዜ ሦስት ዳኞች የሥር ፍርድ ቤቱን መዝገብ አንብበው የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን ይመረምራሉ። «እኔ አልሸጥኩም፣ ምስክሩ ዋሽቷል» የሚለው ክርክር እውነት ቢሆን እንኳ እዚህ ብዙም አያራምድም፤ ዳኞቹ ማስረጃውን የሚመዝኑት ለዐቃቤ ሕግ በሚያደላ መንገድ ነውና። ክብደት ያላቸው ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፦ ፖሊስ ቤቱን ወይም መኪናውን የፈተሸው በሕጋዊ መንገድ ነው? ዳኛው ለጁሪው፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ለሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ ሕጉን በትክክል አስረድተዋል? ለቅጣቱ መነሻ የሆነው የዕፅ መጠን በአግባቡ ተረጋግጧል? አስተርጓሚው የተባለውን በትክክል አስተላልፏል? በተለይ የመጨረሻውን ለአዲሱ ጠበቃ ሳይሸሽጉ ይንገሩ። አማርኛ በማይሰማ ችሎት የትርጉም ስህተት ካላመለከቱት ማንም አያየውም፤ በመዝገቡ የሚሰፍረውም አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛው ብቻ ነው።

ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ተስማምቶ የተፈረደበት ሰው የይግባኝ በሩ ይጠብበታል። ሆኖም ዜግነት ለሌለው ሰው ሌላ መንገድ አለ። በኢሚግሬሽን ሕግ የዕፅ ንግድ ከከባዶቹ ወንጀሎች ይመደባል፤ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ ለመባረር ያበቃዋል፣ የጥገኝነትንም በር ይዘጋል። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2010 በፓዲያ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወንጀል ጠበቃ ስለ መባረር አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ጠበቃዎ ይህን ሳይነግርዎት ፈርመው ከሆነ፣ አቤቱታው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በይግባኝ ሳይሆን በተለየ ማመልከቻ ነው። በፌዴራል ጉዳይ ይህ ማመልከቻ በአብዛኛው ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። የይግባኝ ጠበቃና የኢሚግሬሽን ጠበቃ አብረው እንዲመክሩበት አጥብቀው ይጠይቁ። ከዚያ በፊት ከአገር አይውጡ፣ ግሪን ካርድ ለማደስም ሆነ ለዜግነት አያመልክቱ።

ቤተሰብ ይህን ልብ ይበል፦ ከእስር ቤት የሚደረግ የስልክ ጥሪ ይቀዳል። በአማርኛ ስለሆነ ማንም አይረዳውም ብሎ ስለ ጉዳዩ ማውራት አደገኛ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ያስተረጉመዋል፣ ይግባኙ ተሳክቶ ጉዳዩ እንደገና ቢታይ ለማስረጃ ሊያቀርበው ይችላል። በስልክ ስለ ጤናና ስለ ልጆች ይነጋገሩ፣ የክሱን ነገር ለጠበቃው ብቻ ይተዉ። ጉዳይ እናስጨርሳለን ለሚሉ ሰዎች ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊትም የሚረከብዎት ሰው ፈቃድ ያለው ጠበቃ መሆኑን ከግዛቱ የጠበቆች መዝገብ ያረጋግጡ፤ በኢንተርኔት በስሙ ፈልገው በነፃ ማየት ይችላሉ።