ልጅ ይዞ ከብት ተራ መውጣት፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ በዓል በደረሰ ቁጥር ከአዲስ አበባዎቹ የካራና የሸጎሌ ከብት ተራዎች አልጠፋም። ልጆች እዚያ ሲመጡ ደስ ይለኛል። ከወለጋ የመጣውን ቡናማ የሆሮ በግ ጸጉሩ ከተንጨፈረረው የመንዝ በግ ለይቶ የሚያውቅ የከተማ ልጅ ማየት ያስደስታል። የሚያናድዱኝ ወላጆቹ ናቸው።

ከሁሉ የሚብሰው ገመድ ለልጅ ማስያዝ ነው። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ አንድ አባት ሙክት ገዝቶ ብር ሲቆጥር ገመዱን ለልጁ ሰጠው። ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ልጁ እንዳያመልጠው ሰግቶ ገመዱን መዳፉ ላይ ጠመጠመው። ነጋዴው አይቶ «ጋሼ፣ ከልጁ እጅ ላይ ይፍቱለት» አለ። አባትየው ከብሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «ይያዝ፣ ወንድ አይደለም እንዴ!» ሲል መለሰ። ወዲያው ከኋላቸው የቆመ አይሱዙ የጭነት በሩን ሲጥል ጓ አለ። በጉ ተፈተለከ፤ ልጁም አብሮ ተጎተተ። በደረቱ ጭቃ እያረሰ ከሄደ በኋላ በግ የሚነዳ አንድ ወጣት ገመዱን ረግጦ አስቆመው። አጥንቱ ደህና ነበር፤ የናይለን ገመዱ ግን የመዳፉን ቆዳ ልጦት ነበር። አባትየው የተቆጣው ማንን መሰላችሁ? ልጁን ነው፤ «ለምን አጥብቀህ አልያዝክም!» እያለ።

የዚያ ዕድሜ ልጅ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በደንብ የደለበ ሙክት ደግሞ የእሱን እጥፍ ይሆናል። ገመድ የሚያዘው በጭብጥ ነው፤ እንስሳው ሲበረታ ይለቀቃል። የጠፋ በግ ይፈለጋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰንጋ ሲነዱ የኖሩ ሰዎችን እጅ ተመልከቱ፤ ገመድ ጠምጥሞ የሚይዝ አታገኙም። ለፎቶ ብላችሁ በልጅ አንጓ ላይ የምታስሩ ሰዎች ደግሞ ምን እንደምላችሁ አላውቅም።

ብቻውን ልጅ ይዞ የሚመጣ ገዢም አለ። ዋጋ የሚከራከር ሰው ልጅ አይጠብቅም። ላት ሲዳብስ፣ ደላላ ሲጎትተው፣ «ጨምር፣ ቀንስ» ሲባባል ነገር ዓለሙን ይረሳል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ኑ፤ አንዱ ይግዛ፣ ሌላው ልጁን ብቻ ይያዝ። የስልክ ቁጥራችሁንም በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱለት።

ሕፃን ያዘለች እናት የምትረሳው ነገር አለ፦ እሷ በጎቹን ስታይ፣ ከጀርባዋ ሰንጋ እየተነዳ ያልፋል፤ ለቀንዱ የሚቀርበው ያዘለችው ሕፃን ነው። እዚያ ስትገቡ ሕፃኑን ወደ ፊት አዙራችሁ እቀፉት።

ከብት ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ለማየት ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ልክ ከጅራቱ ኋላ የቆመውን ግን አያይም። ልጆች ደግሞ ጅራት ይወዳሉ። ፈረስና አህያ ወደ ኋላ ይራገጣሉ፤ ከብት ግን እግሩን ወደ ጎንም ስለሚወነጭፍ ታፋው አጠገብ መቆምም አያድንም። ቀይ ልብስ ያስቆጣዋል እያላችሁ የልጁን ሹራብ አታስወልቁ። ከብት የሚበረግገው ከቀለሙ ይልቅ በድንገት በሚከፈት ጃንጥላና በሩጫ ነው። አውራ በግ ግንባሩን ዝቅ አድርጎ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ «ፈራኝ!» ብሎ የሚስቅ ልጅ ካያችሁ ፈጥናችሁ አንሱት፤ በጉ ሊወጋው እየተንደረደረ ነው።

ክፍት ጫማ አታድርጉላቸው። በዋዜማ አትምጡ፤ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ኑ።

ብስኩት በአንድ እጅ፣ የበግ ጸጉር በሌላው፤ ይህን ሳላይ የዋልኩበት ቀን የለም። እበት የነካ እጅ ክፉ የተቅማጥ በሽታ ያመጣል፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላይ ደግሞ ይጸናል። እበት የተለጠፈበትን እጅ ሳኒታይዘር አያጸዳውም፤ በትንሽ ጀሪካን ውኃና ሳሙና ይዛችሁ ኑ። ከንፈሩ ዙሪያ ቁስል ያለበትን በግ ልጅም እናንተም አትንኩት፤ ቁስሉ ወደ ሰው ይተላለፋል። ጥጃ ደግሞ ጭርት ያስይዛል።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቀው የሚመጡት ደግሞ ሌላ ስህተት ይሠራሉ፦ ልጁን ዳር አቁመው ምንም ሳያሳዩት ይመለሳሉ። ነጋዴው የበጉን ከንፈር ገልጦ እንዲያሳየው ጠይቁት፤ ደስ ብሎት ያሳያል። በግም ሆነ በሬ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም። የበግ የታችኞቹ መሐል ሁለት የወተት ጥርሶች ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ወልቀው በትልልቆች ይተካሉ፤ ነጋዴውም ዕድሜውን የሚያውቀው በዚያ ነው። የራሱ የፊት ጥርስ የወለቀበት ልጅ ይህን ሲሰማ ወዲያው አፉን ከፍቶ ለነጋዴው ያሳያል።

«ለአንተ መጫወቻ ገዛንልህ» ብላችሁ አትዋሹ። ልጁ ስም አውጥቶለት፣ ሣር አብልቶት፣ በበዓሉ ጠዋት ቢላ ሲሳል የሚያየው ራሱ ነው። እንደሚታረድ ከቤት ሳትወጡ ንገሩት። ካለቀሰ እቤት ያልቅስ፤ በዚያ ግርግር መሐል የሚያለቅስ ልጅ ለመያዝ ያስቸግራል።

በመጨረሻ፣ እግሩ የታሰረ በግ ከልጆች ጋር በአንድ የኋላ ወንበር አይጫንም። መኪናው ሲንቀሳቀስ ይፈራገጣል፣ ይሸናል፤ ሹፌሩም መንገዱን ትቶ ወደ ኋላ መዞር ይጀምራል። በጉን በሌላ መኪና ላኩት። ኪራዩ ከበዛባችሁ፣ ስትከራከሩ ውላችሁ ያስቀነሳችሁት ብር ይበቃዋል።