የሴፍቲኔት ብር እንዳያመልጣችሁ

የሴፍቲኔት ክፍያ ሲደርስ እኛ ወሎ ደላንታም ሂዱ ወረኢሉ፣ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አታጡም። ሁሌ ሰው በልቶበት አይደለም። ሴፍቲኔት፣ ማለትም ችግረኛ ቤተሰብ የአካባቢ ልማት ሥራ እየሠራ የሚደገፍበት ፕሮግራም፣ ከተጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ጊዜ ተመዝግበናል፣ ግን ዛሬም የምንጠለፈው በትንሽ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስም። አትሳቁ። አክስቴን ሰፈሩ የሚያውቃት በቤት ስሟ ነው፤ መዝጋቢው ልጅም የጎረቤት ልጅ ስለሆነ እሱኑ ጻፈላት። መታወቂያዋ ላይ ያለው ሌላ ነው። ብሩ በእጅ ሲሰጥ ችግር አልነበረም፣ ከፋዩም ያውቃታል። በባንክ ሲሆን ግን መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ከየት ትወቃት? ሁለት ቀን በእግሯ ተመላለሰች። እኛ ወሎ ደግሞ አንዱን ሰው አንዱ መሐመድ፣ ሌላው ሙሐመድ፣ ሦስተኛው መሀመድ ብሎ ይጽፈዋል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲገባማ ተዉት። ስለዚህ መዝጋቢ ሲመጣ መታወቂያችሁን አውጡና "ከዚህ ላይ ገልብጥ" በሉት፣ እስከ አያት። ማንበብ ካልቻላችሁ የተማረ ልጅ አጠገባችሁ አቁሙ።

የሥራ ቀን ላይም ሰው ይሳሳታል። ስሌቱ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ነው፤ አራት ሰው የተመዘገበበት ቤት 20 ቀን ይሠራል ማለት ነው። እርከኑን ሠርቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ስሙ ላይ ምልክት መደረጉን ሳያይ የሚሄድ ብዙ ነው። ወንድሙን ተክቶ የሚልክም አለ፣ ወንድምየው በራሱ ስም ይመዘገባል። ከመበተናችሁ በፊት ፎርማኑ አጠገብ ሄዳችሁ እዩ።

እርግዝና መደበቅ! ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። "እርጉዝ ነኝ ካልኩ ስሜ ይሰረዛል" ብላ ሆዷ ገፍቶ እንኳ ድንጋይ ስትሸከም የነበረች ሴት አውቃለሁ። ነገሩ ግልባጩ ነው። ክትትል ጀምራ እርግዝናዋ ከተመዘገበ፣ ከወለደችም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ጭምር ከሥራው ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። ሥራው ይቀራል፣ ክፍያው አይቀርም። ከእሷ የሚጠበቀው ጤና ኬላ ሄዳ ለጤና ኤክስቴንሽኗ መንገር ነው። እናንተም አማቶች፣ "እኛስ ሠርተን አልወለድንም ወይ" የምትሉትን ነገር ብትተዉት ምን አለ። አቅም የሌላቸው ሽማግሌዎችና ሠርተው የማያድሩ አካል ጉዳተኞችም ሥራ ሳይጠየቁ የሚደገፉበት ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ አለ፤ ልጅ ተበድሮ ወደ ተራራ መላክ አያስፈልግም።

የሚስጥር ቁጥር ለባለሱቅ መስጠት፣ ዱቤ ወስዶ ካርድ ማስያዝ። አታድርጉት። በቃ።

የመጨረሻው ዝምታ ነው። ስሙ ሲቀር ወይ ብሩ ሲጎድል ወሎዬ "አብሽር፣ ያልፋል" ብሎ ይተወዋል። የቀበሌውን ሰው ማስቀየም ይፈራል፣ ነገ ደግሞ ለቅሶ ላይ ይገናኛላ። ግን ቀበሌ ውስጥ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የተቋቋመው ለዚሁ ነው፤ ተጠቃሚውን የመረጡት ሰዎችም እዚያ ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። በቃል ብቻ አትናገሩ፣ አስጽፉ፣ ቀን ይኑረው፣ ቅጂውን ያዙ። እዚያ ካልተፈታ ወረዳ አለ።

አክስቴም በስንት ጉትጎታ ማመልከቻ ልታስጽፍ ሄደች። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ቀና ብሎ አያት።

"እማማ፣ በየትኛው ስምዎ ልጻፈው?"