ሶፍትቦል ላይ ኳሷን በክንድ ሳይሆን በዳሌ እንዴት እንደምትመቱ

ሶፍትቦል (የተወረወረ ኳስ በዱላ ሚመታበት ጨዋታ) ላይ ባት፣ ማለትም መምቻውን ዱላ፣ የያዘ ጀማሪ መጀመሪያ ሚያረገው ክንዱን ማጠንከር ነው፣ ጥርሱን ነክሶ ይመታል ኳሷ ግን እዛው እግሩ ስር ተንከባላ ትቀራለች። ሀይሉ ሚመጣው ከመሬት ነው፣ በእግር ገብቶ በዳሌ ዞሮ ትከሻን አልፎ መጨረሻ ላይ ነው እጅ ጋ ሚደርሰው። ምጽፈው በቀኝ ለሚመታ ሰው ነው፣ ግራኝ ከሆናችሁ ገልብጡት።

መጀመሪያ ሰውነታችሁን አሙቁ። ጃንሜዳ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያለውን ብርድ ምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ በቀዘቀዘ ወገብ በሀይል መዞር ጀርባ ይጎዳል።

አቋቋም፦ እግር ከትከሻ ትንሽ ሰፋ፣ ጉልበት አጠፍ፣ ክብደት ከተረከዝ ይልቅ ወደ ጣቶች። ባቱን በጣት ያዙት፣ አትጭመቁት።

ቀጥሎ ክብደታችሁን ቀኝ እግር ላይ ሰብስቡ። ወደ ኋላ መውደቅ አይደለም፣ የቀኝ ጭናችሁ ውስጠኛው በኩል ሲወጠር ይሰማችኋል፣ ጉልበታችሁ ከእግራችሁ ውጪ ካለፈ በዝቷል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ግራ እግራችሁን ኳሷን ወደምትወረውርላችሁ ተጫዋች አጠር አርጋችሁ ተራመዱ፣ እጃችሁ ግን ኋላ ይቅር። እግሩ መሬት ሲነካ ዳሌ መዞር ይጀምራል ትከሻ ግን ገና አልተከፈተም፣ እቺ ልዩነት ነች የሆድና የወገብ ጡንቻን እንደ ወንጭፍ ላስቲክ ምትወጥረው፣ ከዛ ትከሻው ሳታስገድዱት ተስቦ ይመጣል። ዳሌና ትከሻ እኩል ከዞሩ ሚወጠር ነገር የለም፣ ሚቀረው ክንድ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይሄን ያዙልኝ።

ግራ እግር ካረፈ በኋላ ጉልበቱ እየተቃና መሬቱን ይግፋ። ወደፊት ሲሄድ የነበረው ሰውነት እዛ ጋ ይቆምና እንቅስቃሴው ወደ መዞር ይቀየራል፣ ጉልበቱ ከላላ ግን ሰውነት ይንሸራተትና ሀይሉ ይባክናል። ቀኝ ተረከዝ ይነሳል።

እጅ የመጨረሻ ነው። ቀኝ ክርን ጎድናችሁን ተጠግቶ ይግባ፣ ክንድ ቀድሞ ከተዘረጋ መዞሩ ይዘገያል። ኳሷን ከፊታችሁ በግራ እግር መስመር አካባቢ አግኟት፣ ከመታችሁ በኋላም ባቱ ዞሮ ይጨርስ። የገና ጨዋታ ስትጫወቱ ያደጋችሁ ደሞ ሩሯ መሬት ላይ ስለሆነች ትከሻ መጣል ለምዳችሁ ይሆናል፣ እዚህ ቀኝ ትከሻ ከልክ በላይ ከወረደ ኳሷ ወደ ላይ ብቻ ነው ምትነሳው።

ለልምምድ ጎሚስታ ቤት ያለቀ ጎማ ጠይቁና አንጠልጥሉት፣ በእንጨት ዱላ በዝግታ ምቱት (ከፋይበር በተሰራ ኮምፖዚት ባት እንዳትሞክሩት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል)። ዱላው ጎማው ላይ ሲያርፍ እዛው ቁሙና ራሳችሁን እዩ፣ ዳሌ ዞሯል? ግራ ጉልበት ተቃንቷል?

በእውነተኛ ኳስ ስትመቱ ቦታ ምረጡ። ዙሪያዋ 30 ሴንቲሜትር፣ ክብደቷ ከ180 እስከ 200 ግራም አካባቢ የሆነ ጠንካራ ኳስ ነው፣ መስቀል አደባባይ ሰው በሚሮጥበት ሰዓት አይሞከርም። ደሞ በርቀቱ ብቻ ራሳችሁን አትለኩ፣ አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ያው ምት እዚህ ቆላ ላይ ከሚሄደው ይርቃል። ይልቅ ጓደኛ በስልክ ስሎው ሞሽን ይቅረጻችሁና እያቆማችሁ እዩት፣ ባት ከዳሌ ቀድሞ ከተንቀሳቀሰ ወደ እርምጃዋ ተመልሳችሁ ያለ ኳስ በዝግታ ስሩት።