አንድ የዕፅ ካርቴል በአሸባሪነት ይፈረጅ? ጥያቄውን እንዴት መመዘን እንደሚገባ

የዕፅ ካርቴሎችን፣ ማለትም ዕፅ የሚያዘዋውሩ የወንጀል ድርጅቶችን፣ በአሸባሪነት ስለመፈረጅ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ከመነሻው ይበላሻል። አንዱ «ግፋቸው ከሽብር በምን ያንሳል?» ይላል፤ ሌላው «እነሱ የሚሹት ገንዘብ ነው፣ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኛቸው?» ብሎ ይመልሳል። ፍረጃው በሕግ ፊት ምን እንደሚለውጥና ማንን እንደሚነካ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያለው መንገድ በአሜሪካ ለሚቀርብ የፍረጃ ሐሳብ ነው፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ድርጅቱን በስሙ ይያዙት

ሕጉ «ካርቴሎችን» በጅምላ አይፈርጅም። በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025 አሜሪካ የፈረጀቻቸው ስምንት ድርጅቶች እያንዳንዳቸው በስም የተጠሩ ናቸው፤ ሲናሎአንና የሃሊስኮ አዲሱ ትውልድን ጨምሮ ስድስቱ የሜክሲኮ ሲሆኑ፣ ሁለቱ የቬኔዝዌላው ወንበዴ ቡድን ትሬን ደ አራጓ እና ከኤልሳልቫዶር ጋር የተያያዘው ወንበዴ ቡድን ኤምኤስ-13 ናቸው። የአንዱ ማስረጃ ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ ገጽ ይክፈቱ።

በሦስቱ መስፈርቶች ይመዝኑት

መስፈርቶቹ በ1996 ወደ ኢሚግሬሽንና ዜግነት ሕጉ የገባው አንቀጽ 219 ላይ ይገኛሉ። ድርጅቱ የውጭ መሆን አለበት፤ በሽብር ተግባር የተሰማራ ወይም ለዚያ አቅሙና ፍላጎቱ ያለው መሆን አለበት፤ ተግባሩም የአሜሪካ ዜጎችን ደኅንነት ወይም የአገሪቱን ብሔራዊ ደኅንነት የሚያሰጋ መሆን አለበት። አንደኛው ቀላል ነው። ሦስተኛው የኢኮኖሚ ጥቅምን ሳይቀር ስለሚያካትትና ፍርድ ቤቶችም ለፖለቲካ ውሳኔ ስለተዉት ብዙ አያከራክርም።

እውነተኛው ፈተና ሁለተኛው ነው። ሕጉ በጦር መሣሪያና በፈንጂ የሚፈጸም ጥቃትን የሽብር ተግባር ሲል «ለግል የገንዘብ ጥቅም ብቻ» የተፈጸመውን ለይቶ ያወጣል። ብዙዎች እዚህ ላይ ቆመው «እንግዲያው ካርቴል አይገባበትም» ይላሉ። ስህተቱ «ብቻ» የሚለውን መዝለል ነው። በተጨማሪም መንግሥትን ለማስገደድ ሰው ማገትና የፖለቲካ ግድያ በዚያው ሕግ ውስጥ ያለዚህ ገደብ ተዘርዝረዋል።

ስለዚህ የሟቾችን ቁጥር ከመደመር ይልቅ ጥቃቱ ማንን ለማስገደድ እንደተፈጸመ ይጠይቁ። በኦክቶበር 2019 የሲናሎአ ታጣቂዎች የሜክሲኮዋን የኩሊያካን ከተማ በተኩስ አናውጠው መንገዶችን በሚቃጠሉ መኪኖች ዘግተው ነበር፤ መንግሥት የያዘውን የካርቴሉን የቀድሞ አለቃ የኤል ቻፖን ልጅ ኦቪዲዮ ጉስማንን በዚያው ዕለት ለቀቀው። በ1989 የፓብሎ ኤስኮባር የኮሎምቢያው የሜዴዪን ካርቴል የአቪያንካ አየር መንገድን አውሮፕላን በቦምብ ሲያፈነዳ 107 ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች አልቀዋል። የካርቴሉ መሪዎች ያን ጊዜ የሚዋጉት ተላልፈው ለአሜሪካ እንዳይሰጡ ነበር። እነዚህን ዓይነት ድርጊቶች በተደጋጋሚ የፈጸመ ቡድን መስፈርቱን ያሟላል። ማስረጃው በዝርፊያና በገበያ ሽሚያ ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ግን አያሟላም።

ፍረጃው የሚጨምረውን ለይተው ይጻፉ

«ፍረጃው ገንዘባቸውን ያግዳል» የሚለው መከራከሪያ ደካማ ነው። የሲናሎአ ካርቴል ከ2009፣ የሃሊስኮው ደግሞ ከ2015 ጀምሮ በዕፅ አዘዋዋሪዎች ሕግ ማዕቀብ ተጥሎባቸው ሀብታቸው ታግዷል። አዲሱ ነገር የወንጀል ክሱ ነው። ለተፈረጀ ድርጅት እያወቀ «ቁሳዊ ድጋፍ» (ገንዘብ፣ ዕቃ ወይም አገልግሎት) የሰጠ ሰው እስከ 20 ዓመት ይታሰራል፤ ሰው ከሞተበት እስከ ዕድሜ ልክ። ሽብሩን የመደገፍ ሐሳብ እንደነበረው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ይህንኑ አጽንቷል። ከዚህ ሌላ፣ ተጎጂ አሜሪካውያን ድጋፍ ሰጪውን በፍትሐ ብሔር ከስሰው የጉዳታቸውን ሦስት እጥፍ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ያልተጨመረውንም ይጻፉ፦ አንቀጽ 219 ጦር የማዝመት ሥልጣን አይሰጥም። ፍረጃን የወታደራዊ እርምጃ ፈቃድ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ሲያጋጥምዎ፣ ሌላ የሕግ መሠረት መጥቀሱን ይመልከቱ።

በመረቡ ማን እንደሚያዝ ይቁጠሩ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ እዚህ ላይ ነው፤ ቸል የሚባለውም ይኸው ነው። ካርቴል ግዛቱ ውስጥ ካለ ገበሬ፣ ሹፌርና ባለ ሱቅ በጉልበት ገንዘብ ይሰበስባል። ፍረጃው ሲወጣ ያ ክፍያ ቁሳዊ ድጋፍ ሊባል ይችላል።

የኮሎምቢያው ኤዩሲ ታጣቂ ቡድን በሴፕቴምበር 2001 ሲፈረጅ የሙዝ ኩባንያው ቺኪታ ሲከፍለው ቆይቶ ነበር። ኩባንያው የከፈልሁት ሠራተኞቼን ለመጠበቅ ነው ቢልም፣ ከፍረጃው በኋላ እስከ 2004 መክፈሉን ስለቀጠለ በ2007 ጥፋቱን አምኖ 25 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ትልቅ ኩባንያ ጠበቃ አቁሞ ይደራደራል። ቁሳዊ ድጋፍ ሰጥቷል መባል ጥገኝነት የሚያስከለክለው ስደተኛ ግን ይህ የለውም። በ2018 የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ፣ ሽምቅ ተዋጊዎች ጠልፈው ምግብ ያስበሰሏትንና ልብስ ያሳጠቧትን የኤልሳልቫዶር ሴት ቁሳዊ ድጋፍ ሰጥታለች ብሎ ወስኗል። ድጋፉ ምን ያህል ትንሽ ቢሆን ለውጥ እንደሌለውም አስረግጧል። ተገድዶ ለሰጠ ሰው ነፃ መውጫ ቢኖርም በመንግሥት መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በካርቴል ተዘርፎ የሸሸን ሰው የካርቴል ደጋፊ ብሎ ጥገኝነት መከልከል ግፍ ነው። ስለዚህ የፍረጃ ሐሳቡ ለተገደዱ ከፋዮችና ለእርዳታ ሠራተኞች ግልጽ ከለላ ካልያዘ፣ ሁለተኛውን መስፈርት ያሟላ ቡድን ቢሆን እንኳ ድጋፍ አይስጡት፤ ከለላው እንዲገባ ይጠይቁ።

መግቢያውንና መውጫውን ያረጋግጡ

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉና ከግምጃ ቤት ሚኒስትሩ ጋር መክሮ ማስረጃውን ያጠናቅራል፤ ለኮንግረስ መሪዎች ከሰባት ቀን በፊት ያሳውቃል። ፍረጃው የሚጸናው በመንግሥት ጋዜጣ ከታተመበት ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ ዋሽንግተን ላለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። የካርቴል አለቃ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይከራከራል ተብሎ አይጠበቅም፤ በዚህም ማስረጃው ሳይፈተን ሊቀር ይችላል። የተፈረጀው ድርጅት ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል፤ ማንም ካልጠየቀ ሚኒስትሩ በአምስት ዓመት አንዴ መመርመር አለበት።

መውጫው እንዴት እንደሚዘገይ የኮሎምቢያው ሽምቅ ተዋጊ ቡድን ፋርክ ያሳያል። በ1997 ተፈረጀ፣ በ2016 የሰላም ስምምነት ፈረመ፣ ከዝርዝሩ የወጣው ግን በ2021 መጨረሻ ነው። በመካከሉ በአሜሪካ ገንዘብ የሚካሄዱ የሰላም ፕሮግራሞች መሣሪያ ካወረዱት የቀድሞ ተዋጊዎች ጋር እንዳይሠሩ ፍረጃው ያስራቸው ነበር። በእጅዎ ያለው ሐሳብ ቡድኑ ቢበተን ወይም አባላቱ ቢከዱት ፍረጃው በማን፣ በምን ማስረጃና በስንት ጊዜ እንደሚነሣ የሚናገር መሆኑን ይፈልጉ።