አውቀዋለሁ ያሉትን በወረቀት መፈተሽ

አንድን ገጽ ደጋግመው ሲያነቡት ቃላቱ ይለመዳሉ፤ የተለመደ ነገር ደግሞ የታወቀ ይመስላል። በቀለም ማስመርም ያው ነው፤ ፍተሻው የሚጀምረው መጽሐፉ ሲዘጋ ነው።

ዘግተው ባዶ ወረቀት ይያዙ። ከላይ «የጨረቃ መጉደልና መሙላት» ብለው ርእስ አይስጡት፤ «ጨረቃ ለምን ትጎድላለች?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል፣ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዱ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። በነጥብ አይዘርዝሩ፤ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሁለት ነጥቦች መካከል ነውና ዝርዝር ይሸፍነዋል። የተጠራጠሩበት ላይ የጥያቄ ምልክት አድርገው ይለፉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «የምድር ጥላ ስለሚያርፍባት» ብሎ ይጽፋል። በአፍ ሲነገር ያሳምናል። እስቲ ከሥሩ «ይህ እውነት ከሆነ» ብለው አንድ መስመር ይጨምሩ። እውነት ከሆነ፣ በጎደለች ቁጥር ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል መግባት አለባት። ግማሽ ጨረቃ ግን አንዳንዴ በጠራራ ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሰማይ ላይ ትታያለች፤ ጥላው ደግሞ የሚወድቀው ከፀሐይ በተቃራኒ ነው። መልሱ ፈረሰ። ጥላው የሚያመጣው የጨረቃ ግርዶሽን ነው። የጨረቃ ግማሽ አካል በሌላው ጊዜ ሁሉ በፀሐይ እንደበራ ነው፤ በ29.5 ቀን ገደማ ዑደት የሚለዋወጠው ከዚያ ብርሃን ለእኛ የሚታየው ድርሻ ነው።

አሁን መጽሐፉን ይክፈቱ፤ ግን ምልክት ያደረጉበትንና የፈረሰውን ብቻ ይፈልጉ። ከመጀመሪያው ማንበብ ከጀመሩ ወደ መልመዱ ተመለሱ ማለት ነው።

ሲያርሙ ሐሳብ የሚደበቅባቸውን ቃላት ያሳዱ። «ወዘተ.»ን ሰርዘው ቀጣዩን ምሳሌ ይጻፉ፤ ካልመጣልዎ ድሮም አልነበረም። «ይታመናል» ካሉ፣ ማን ነው ያመነው? ከሁሉ የሚብሰው ግን «ሲሆን» ነው። «ዝናቡ የዘገየ ሲሆን ዋጋው ጨምሯል» የሚል ሰው ሁለቱን አጠጋጋ እንጂ አላገናኘም፤ ዋጋው የጨመረው በዝናቡ ምክንያት ነው ወይስ እንዲያው ገጠመ? በ«ሲሆን» ቦታ «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን» ወይም «በዚያው ጊዜ» ያስገቡ። አንዱን መምረጥ ካቃተዎ የጎደለው ዕውቀት ነውና ቃላት አይቀያይሩ፤ የጥያቄ ምልክቱን ያድርጉበት።

ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያውን ወረቀት ሳያዩ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይመልሱ። ሁለቱን ሲያስተያዩ ዓረፍተ ነገሮቹ ቃል በቃል አንድ ከሆኑ ይጠርጥሩ፤ ሸምድደውት ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ጥያቄውን ይገልብጡት፦ «ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር ለምን አትጋረድም?»